የጓሮ ዶሮና በእጅ የሚሠራ የእንቁላል መፈልፈያ፦ ለምን በጋራ?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ሻኪሶ ከተማ የቀረበ ንግግር)








በዚህ መድረክ ስለ ቡና ጥራት፣ ስለ ግብዓት አቅርቦትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ሰፊ ውይይት ተደርጓል። ለእኔ የተሰጠኝ ርዕስ ከእነዚህ ያነሰ ቢመስልም በእያንዳንዱ አባል ደጃፍ የሚገኝ ነው። እርሱም የጓሮ ዶሮ ነው። ብዙ አባላት «የእንቁላል መፈልፈያ እንዴት እንደሚሠራ አሳዩን» ብለው ስለጠየቁ፣ ሠርቶ ማሳያውን ከማየታችሁ በፊት አንዳንድ ነጥቦችን ለማቅረብ እወዳለሁ።

ሻኪሶ ስሟ የሚነሳው በወርቋና በቡናዋ ነው። በጉጂ ምድር ደግሞ ሀብት ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ከብት ነው። ይሁን እንጂ ቡና የሚለቀመው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ከብትም የሚሸጠው ትልቅ ጉዳይ ሲመጣ ነው። የጨው፣ የሳሙና፣ የወፍጮና የደብተር ወጪ ግን ቡናው እስኪደርስ አይጠብቅም። በየሳምንቱ የሚመጣውን ይህን ወጪ በአብዛኛው የሚሸፍኑት እናቶች ወደ ገበያ ይዘውት የሚወጡት እንቁላልና ዶሮ ናቸው። በመሆኑም ስለ ዶሮ ስንነጋገር የምንነጋገረው ስለ እናቶች ኪስ መሆኑን ከወዲሁ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ።

የንግግሬ ፍሬ ነገር አጭር ነው። የእንቁላል መፈልፈያ ሳጥን በአካባቢያችን በሚገኝ ዕቃ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ሳጥኑ ለአንድ ቤት የሚሆን መሣሪያ አይደለም፤ የቡድን መሣሪያ ነው። ከክትባትና ከጫጩት ማሳደጊያ ተነጥሎ ከተሠራ ደግሞ ትርፉ የሞተ ጫጩት መልቀም ብቻ ይሆናል።

የአገራችን ዶሮ ጊዜዋ የሚያልቀው የት ነው?

የአገራችን ዶሮ በገበሬ ቤት አያያዝ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። ከ12 እስከ 15 እንቁላል ከጣለች በኋላ መታቀፍ ትፈልጋለች። ለ21 ቀን ትታቀፋለች፤ ከፈለፈለች በኋላም ጫጩቶቿን ይዛ ሁለት ወር ያህል ትዞራለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንቁላል አትጥልም። ስለዚህ ዓመቱ የሚያልቀው በሦስት ወይም በአራት ዙር ነው። ያውም ከፈለፈለቻቸው መካከል ብዙዎቹ በጭልፊት፣ በሸለምጥማጥ፣ በብርድና በበሽታ ያልቃሉ።

መፈልፈያ ሳጥን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የመታቀፉን ሥራ ከዶሮዋ ላይ ወስደን ለሳጥኑ ብንሰጥ፣ እርሷ ዕረፍት አድርጋ ቶሎ ወደ መጣል ትመለሳለች። በየቤቱ መታቀፍን ለማስተው ክንፍ ማሰር፣ ቁልቁል ማንጠልጠል፣ በአፍንጫ ላባ ማስገባት የተለመደ ነው። ይህ ዶሮዋን ከማሰቃየት በቀር ጥቅም የለውም። ጎጆዋን አንስቶ፣ ነፋስ በሚያገኝ ብሩህ ቦታ ለጥቂት ቀናት ምግብና ውኃ እየሰጡ ለብቻዋ ማቆየት ይበቃል።

እንቁላልን ያለ ዶሮ መፈልፈል አዲስ ነገር አይደለም። ግብፃውያን ከ2000 ዓመት በፊት ጀምሮ ከጭቃ ጡብ በሠሩት ምድጃ፣ በኩበት እሳት ሙቀት በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይፈለፍሉ ነበር። ቴርሞሜትር ባልነበረበት ዘመን ባለሙያዎቹ ሙቀቱን የሚለኩት እንቁላሉን በዐይናቸው ቆብ ላይ በማስነካት ነበር። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ዕቃው ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ንቁ መሆን አለበት።

የሳጥኑ አሠራር

50 ያህል እንቁላል ለሚይዝ ሳጥን ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 45፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ይበቃል። ሙቀት እንዳይወጣ ውስጡን በስታይሮፎም ወይም በወፍራም ካርቶን መለበድ ያስፈልጋል። በፊት ለፊቱ ትንሽ መስታወት ይደረግለታል፤ ሙቀቱን ለማንበብ ክዳኑን መክፈት አያስፈልግምና። አየር እንዲገባና እንዲወጣ በጎኖቹ ከታች በኩል አራት፣ ከላይ አራት ቀዳዳዎች ይበሱለታል። በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ጫጩት ስለሚተነፍስ እነዚህ ቀዳዳዎች ሊደፈኑ አይገባም።

የሙቀት ምንጩ ሁለት ባለ 40 ዋት አምፖል ነው። አንዱ ቢቃጠል ሌላው እንዲያቆየን ሁለት መሆኑ ይመረጣል። አምፖሉ ክር ያለውና የሚሞቀው የድሮው ዓይነት መሆን አለበት፤ ኃይል ቆጣቢው አምፖል ብርሃን እንጂ በቂ ሙቀት አይሰጥም። አምፖሉን የሚያበራና የሚያጠፋ ቴርሞስታት፣ ሙቀቱን በእኩል የሚያዳርስ ትንሽ የኮምፒዩተር ፋን፣ ቴርሞሜትርና የእርጥበት መለኪያ ይገጠምለታል። እንቁላሉ የሚቀመጠው በሽቦ ወንፊት ላይ ሲሆን፣ ከወንፊቱ ሥር ውኃ የያዘ ሰፊ ሳህን ይኖራል። የኤሌክትሪኩን ሥራ ሙያው ላለው ሰው መስጠት ግዴታ ነው፤ እርጥበትና ያልተሸፈነ ሽቦ በአንድ ሳጥን ውስጥ ሲገናኙ አደጋ አለው።

ሳጥኑ ተሠርቶ ሲያልቅ እንቁላል ወዲያው አይገባበትም። ቢያንስ ለ24 ሰዓት ባዶውን ሠርቶ ሙቀቱ የማይዋዥቅ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው እንቁላል የሚገባው።

የሃያ አንዱ ቀን ሥራ

በመጀመሪያ የእንቁላል መረጣ ነው። እንቁላሉ አውራ ካለበት መንጋ የተገኘ መሆን አለበት፤ ከ8 እስከ 10 ለሚሆኑ ሴት ዶሮዎች አንድ አውራ ይበቃል። ከሱቅ የሚገዛው የትልልቅ እርሻ እንቁላል አውራ ከሌለበት ቤት ስለሚመጣ ስንት ቀን ቢሞቅ አይፈለፈልም። መካከለኛ መጠን ያለው፣ ያልተሰነጠቀና ንጹሕ እንቁላል ይመረጣል። የቆሸሸውን በውኃ ማጠብ ግን ጀርሙን በቅርፊቱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ማስገባት ስለሆነ አይፈቀድም። የተሰበሰበው እንቁላል ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል፤ ከ7 ቀን በላይ ግን መቆየት የለበትም።

ስለ ዝርያም አንድ ነገር ልጨምር። ቦቫንስ ብራውንና ሳሶ የተባሉት ዶሮዎች የዲቃላ ውጤቶች ናቸው። ከእነርሱ እንቁላል የሚፈለፈለው ጫጩት የእናቱን ያህል ምርት አይሰጥም። በአንጻሩ ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ለአርሶ አደሩ የተሠራጨው ኮኮክ ዘሩን ጠብቆ የሚራባ ነው። ይኸው ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የአገራችንን የሆሮ ዶሮ በመምረጥ ሲያሻሽል ቆይቷል። ስለዚህ በሳጥናችን የምንፈለፍለው የተመረጠ የአገር ዶሮና ኮኮክ ቢሆን ያዋጣል።

ፋን ባለው ሳጥን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ፋን ከሌለው በእንቁላሉ አናት ልክ ሲለካ 38.5 ያህል መሆን ይኖርበታል። እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ከ65 እስከ 70 በመቶ ይሁን። እንቁላሉ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገላበጣል። እንዳንሳሳት በአንዱ ጎን የመደመር ምልክት፣ በሌላው ጎን ክብ በእርሳስ እናደርግበታለን። ካልተገላበጠ በውስጡ ያለው ጽንስ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ይሞታል።

በ7ኛው ቀን በጨለማ ክፍል ውስጥ እንቁላሉን በባትሪ ብርሃን መመርመር ያስፈልጋል። የዳበረው የሸረሪት ድር የመሰለ የደም ሥር ያሳያል፤ ያልዳበረው ጥርት ብሎ ይታያል። ያልዳበረው ይወጣል። ይህን እንቁላል ወደ ገበያ ማውጣት ግን ነውር ነው፤ ያልተበላሸው ተቀቅሎና ደቆ ለሌሎች ጫጩቶች ምግብ ይሆናል። በ18ኛው ቀን ማገላበጥ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሳጥኑን በጉጉት መክፈት እርጥበቱን ስለሚያስወጣ ጫጩቱ በቅርፊቱ ውስጥ ይደርቃል። በ21ኛው ቀን የሚወጣውም ጫጩት ላባው እስኪደርቅ እዚያው ይቆያል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል የሰማነው፣ በሳጥናችን በ21 ቀን ተፈጽሞ እናየዋለን ማለት ነው።

መብራት ሲጠፋ

ይህ ጥያቄ ከሁሉም አባላት ይነሳል፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። መፈልፈያ ተገዝቶ መብራት በማጣት የቆመባቸው ቦታዎች አሉ። መልካሙ ዜና ጽንሱ ከሙቀት ይልቅ ቅዝቃዜን የሚችል መሆኑ ነው። ለጥቂት ሰዓታት ቢቀዘቅዝ የሚፈለፈልበት ቀን ሊዘገይ ይችላል፤ ሁሉም ግን አይሞትም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ወጥቶ ከቆየ ግን ይገድለዋል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሳጥኑን ሳይከፍቱ በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ መሸፈን፣ የአየር ቀዳዳዎቹን ግን አለመድፈን ነው። ከቆየ ሙቅ ውኃ የሞላበትና በደንብ የተከደነ ትንሽ ጄሪካን ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ሲቀዘቅዝም መለወጥ ይቻላል። ከሰል ማቀጣጠል ግን በፍጹም አይሞከርም፤ ጭሱ ባይታይም ጫጩቱንም በቤቱ ያለውንም ሰው ይገድላል።

ሳጥኑ የማይሠራው ሥራ

አንዲት እናት ስለዚህ ጉዳይ ስናወራ «ልጄ፣ እሺ ሳጥኑ ይታቀፍልን፤ ጭልፊት ሲመጣ ክንፉን የሚዘረጋው ማን ነው?» ብለውኛል። ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነው። ዶሮዋ ከመታቀፍ ሌላ ሁለት ሥራ አለባት፤ ጫጩቶቿን ታሞቃለች፣ ትጠብቃለችም። ሳጥኑ የሚተካው የመጀመሪያውን ሥራዋን ብቻ ነው። ቀሪዎቹን እኛ መሥራት አለብን።

ለማሞቁ ሥራ አገራችን ውስጥ የተፈተነ ዘዴ አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሰሎሞን ደመቀ መብራት ለሌለበት የገጠር ቤት የሚስማማ የሣር ሳጥን ማሳደጊያን አጥንተው አስተዋውቀዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። በሳጥን ውስጥ ደረቅ ሣር በዙሪያውና በሥሩ በወፍራሙ ተጠቅጥቆ መካከሉ እንደ ጎጆ ይደረጋል፤ ከላይም በሣር በተሞላ ክዳን ይሸፈናል። ጫጩቶቹ ሌሊት ተጠጋግተው ሲተኙ የገዛ ሰውነታቸው ሙቀት በሣሩ ተይዞ ይቆያል። አምፖል አይፈልግም፤ ጋዝም አይፈልግም። ቀን በሽቦ በታጠረ ትንሽ ግቢ ይወጣሉ። ሣሩ ሲረጥብ መለወጥ አለበት። ጫጩቶቹ ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ከተራራቁ ሞቋቸዋል፤ ተበታትነው ጸጥ ካሉ ተመችቷቸዋል ማለት ነው።

ለምግባቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተዘጋጀ የጫጩት መኖ ቢገኝ ጥሩ ነው። ካልተገኘ በደቀቀ በቆሎ፣ በፉርሽካና በኑግ ፋጉሎ ላይ የአጥንት ዱቄትና ጥቂት ጨው ተጨምሮ ይሰጣል። ምስጥም ለጫጩት ጥሩ ገንቢ ምግብ መሆኑን እናቶቻችን ከእኛ በፊት ያውቁታል።

ፈንግል

የተከበራችሁ አባላት፤ ከላይ የተባለው ሁሉ ተሟልቶ ይህ ከተዘለለ ሥራው ከንቱ ነው። ፈንግል በአንድ ሳምንት የመንደሩን ዶሮ ሊጨርስ ይችላል። ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ሙቀትን የሚቋቋምና በዐይን ጠብታ የሚሰጠው ዓይነትም ስላለ ለእኛ ዓይነት ሩቅ ቦታ ይስማማል።

ታዲያ ለምን አንከትብም? ችግሩ አንዱ ብልቃጥ በመቶ ለሚቆጠር ዶሮ የተዘጋጀ መሆኑ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ለነገ አይተርፍም። አምስት ዶሮ ያላት እናት ብልቃጡን ለብቻዋ ልትገዛ አትችልም፤ ብትገዛም አብዛኛው ይደፋል። ሃያ ቤት በአንድ ቀን ከተሰበሰበ ግን ለአንድ ዶሮ የሚደርሰው ወጪ በጣም ትንሽ ነው።

በእኛ አካባቢ ዝናብ በመጋቢትና በመስከረም ስለሚጀምር የክትባት ቀናችን ከዚያ ቀድሞ ቢሆን ይመረጣል። በየካቲት፣ በግንቦት፣ በነሐሴና በኅዳር ብንከትብ በየሦስት ወሩ ይደርሳል። በመካከል የሚፈለፈሉ ጫጩቶች በእንስሳት ጤና ባለሙያው መርሐ ግብር መሠረት ለብቻቸው ይከተባሉ። የታመመ ዶሮ ወደ ገበያ አይወጣም፤ የሞተውም ይቀበራል ወይም ይቃጠላል እንጂ ለውሻ አይጣልም።

ስለዚህ በጋራ

አሁን ወደ ተነሳሁበት ሐሳብ እመለሳለሁ። እስቲ አብረን እናስላ። የአገራችን ዶሮ በምትጥልበት ወቅት በአማካይ በሁለት ቀን አንድ ብትጥል በሳምንት የምትሰጠው ሦስት ወይም አራት እንቁላል ነው። 50 እንቁላል በ7 ቀን ለመሙላት በአንድ ጊዜ የሚጥሉ 15 ያህል ዶሮዎች ያስፈልጋሉ። ይህን ያህል ዶሮ ያለው አባል ስንት ነው? አሥራ ሁለት ቤት ቢሰባሰብና ከየቤቱ አራት ወይም አምስት እንቁላል ቢመጣ ግን ሳጥኑ በአንድ ሳምንት ይሞላል፤ ከበላተኛውና ከሻጩ የሚቀር እንቁላልም ይተርፋል። ክትባቱም እንዲሁ ነው። ሌሊት ሳጥኑን የሚጠብቀው ሰውም በተራ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ላይ በቁጥር ይታያል።

በጋራ ሲሠራ ጠብ እንዳይመጣ መዝገብ ያስፈልጋል። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዱ እንቁላል የቤቱ ቁጥር በእርሳስ ይጻፍበት። በ7ኛው ቀን ምርመራ ያልዳበረው ለባለቤቱ ይቆጠር፤ ይህ ባለቤቱ አውራውን እንዲያይ ይረዳዋል። ከዚያ በኋላ የሚደርሰው ጉዳት የሳጥኑ ስለሆነ የሁሉም ይሁን። የተፈለፈሉት ጫጩቶች በዳበረው እንቁላል ብዛት መጠን ይከፋፈሉ። በሽታ ያለበት ቤት እንቁላል እንዳያመጣና ሳጥኑ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ እንዲታጠብ ደንብ ይውጣ፤ የአንዱ ቤት በሽታ በአንድ ሳጥን ለአሥራ ሁለት ቤት ሊዳረስ ይችላልና።

ጊዜውንም ገበያውን አይተን እንምረጥ። በዐቢይ ጾም ወራት ብዙ ሰው እንቁላል ስለማይበላ ዋጋው ይቀንሳል። እንቁላሉን በርካሽ ከመሸጥ ያኔ ሳጥን ውስጥ ማስገባት ይሻላል። በመጋቢት የተፈለፈለው ጫጩት ከአምስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ለመስከረም የበዓል ገበያ ይቀርባል። ጫጩቱ የሚያድገው በዝናብ ወቅት ስለሚሆን የሣር ሳጥኑ ከቤት ውስጥ መቀመጡ እንዳይዘነጋ።

ለዩኒየናችን ቦርድ ያለኝ ጥያቄ ይህ ነው። ገንዘብ ሲመደብ ለመፈልፈያው ብቻ አይመደብ። የክትባት ማቆያ ሣጥን፣ በየቀበሌው ክትባት የሚሰጡ ሁለት ሴቶች ሥልጠና፣ የጫጩት መኖ በጅምላ ግዢ አብረው ይታሰቡ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ የምንችል ከሆነ በክትባቱ እንጀምር፤ ሳጥኑ ይቆየን።

ለሥራ ኃላፊዎቻችንም እንዲሁ። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለዶሮ የተሰጠው ትኩረት አድጓል፤ ይህ ደስ ይላል። እኔን ጨምሮ ባለሙያዎች በሪፖርታችን የምንሞላው ግን ብዙ ጊዜ የተሠራጨውን ቁጥር ነው። የተሠራጨ ሳጥንና የተሠራጨ ጫጩት መቁጠር ቀላል ነው። በስድስተኛው ወር በሕይወት ያለውን ዶሮ እንቁጠር። የእናቶች ኪስ የሚገባው ከዚያ ነውና።

በመጨረሻም ለአባቶች አንድ ቃል። ሥራው ሲያድግ ገንዘቡም ያድጋል። ዶሮ ትንሽ በነበረች ጊዜ የእናቶች ነበረች፤ ስትበዛም የእናቶች ትሁን። በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው ስም እንቁላሉን ከጎጆው ያነሳችው ሴት ስም ይሁን። ይህ ሲሆን ነው ሌሊት ተነስታ ሙቀቱን የምታየው።

ሠርቶ ማሳያው ከምሳ በኋላ ከመጋዘኑ ጎን ይካሄዳል። እንቁላል ይዛችሁ የመጣችሁ አባላት የቤታችሁን ቁጥር ጽፋችሁ እንድታስረክቡ እጠይቃለሁ።